የራጁ ሰውዬ እና የእኔ ጋቢ

ሥራ ማቆም ይህን ያህል ሥራ መሆኑን ብነግራችሁ ታምኑኛላችሁ? መጀመርማ ቀላል ነበር። ሎስ አንጀለስ በገባሁ በወሩ አንድ የአገሬ ልጅ ቁልፍ አስጨበጠኝ፤ ይኸው ሃያ ስድስት ዓመት ታክሲ ድራይቭ አደርጋለሁ። ጉልበቴ አለቀ። ወገቤ አለቀ። ተሳፋሪው ሁሉ በስልኩ መኪና መጥራት ከጀመረ ወዲህ ደግሞ፣ ኤርፖርት ወረፋ ላይ አራት ሰዓት ተቀምጠን አንድ ሰው ካገኘን ተመስገን ነው። ደክሞኛል በቃ፤ ምን ልደብቃችሁ።

ታዲያ ለምን አላቆምክም አትሉኝም? በራጁ ምክንያት ነዋ። ራጁ ህንዳዊ ነው። ከጀመርኩ ጀምሮ ወረፋው ላይ ከኋላዬ የሚቆም፣ ምሳዬን የማካፍለው ወዳጄ ነው። ሥጋ ስለማይበላ ዓመቱን ሙሉ ሁዳዴ የያዘ ይመስለኛል። አንድ ቀን፣ ምን እንደነካን እንጃ፣ ቃል ተገባባን። ክሪኬት በሚሉት የኳስና የዱላ ጨዋታ የአገሩ ትልቁ ተጫዋች ከዓለም ዋንጫ የተሰናበተ ዕለት ራጁ ታክሲ ያቆማል፤ ራጁ ያቆመ ዕለት እኔም አቆማለሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ብሎ የሚመክረን ሰው አልነበረም።

ጉዴን ተመልከቱልኝ እንግዲህ። የእኔ ዕረፍት ስሙን እንኳ አስተካክዬ በማልጠራው ሰውዬ እጅ ገባ። ሰውዬው ደግሞ መች ይሄዳል! አራት ዓመት ጠብቄ ዋንጫው ሲደርስ፣ ጢሙ ሸብቶ ተመልሶ መጣ።

የግማሽ ፍጻሜው ዕለት ጠዋት ራጁን ይዤ ፌርፋክስ ወደለመድኩት የአበሻ ሬስቶራንት ሄድኩ። ጋሼ መኮንን እዚያ ነበሩ። የሰፈራችን ሽማግሌ ናቸው፤ የመጣውንም የሄደውንም የሚመርቁት እሳቸው ናቸው። ቴሌቪዥኑን አየት አደረጉና፣ "ገና ጨዋታ ነው እንዴ? ዱላው ምነው ጠፍጣፋ ሆነ?" አሉ። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባላል። ራጁ ግን ሻዩንም አልነካ።

እኔስ? እኔማ በሆዴ ሰውዬው እንዲሸነፍ እጸልያለሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ወዳጄ አጠገቤ ጥፍሩን እየበላ!

መጨረሻ ላይ ሰውዬው ሮጠ። ሕጉ ቀላል ነው፤ ኳሷ መጥታ የተተከለውን እንጨት ሳትመታ መስመሩ ጋ መድረስ አለበት። ሲሮጥ አየሁት። ጉልበቱ ልክ እንደ እኔ ጉልበት እምቢ ሲለው አየሁት። ሳላስበው ብድግ ብዬ "ሩጥ አባቴ! ሩጥ!" እያልኩ ጮህኩ። ኳሷ ከሩቅ ተወርውራ እንጨቱን መታችው። በስንዝር ቀደመችው! ሰውዬው ዱላውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ፣ አንገቱን ደፍቶ ወጣ፤ አገሩም ከዋንጫው ተሰናበተች። ራጁ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ።

ጋሼ መኮንን ምን ሆናችሁ ቢሉኝ ቃላችንን ነገርኳቸው። አቆምክ ማለት ነዋ አሉ። እኛ ደግሞ ሰው ሳንሸኝ መች እንለቃለን? እሑድ እዚያው ሬስቶራንት ሰው ተሰበሰበ፣ ድፎ ዳቦ ተቆረሰ፣ ጋሼ መኮንን መርቀው ጋቢ ደረቡልኝ። ከእንግዲህ ዕረፍ አሉኝ። ራጁ ሳይቀር አጨበጨበ።

ሰኞ ጠዋት ተንፈላስሼ እንደተኛሁ ስልኬ ጮኸ። ራጁ ነው። የት ነህ፣ ከፊቴ ቦታ ይዤልሃለሁ ይለኛል። አላቆምንም እንዴ? ሰውዬህ ሄደ አይደል እንዴ? አልኩት። ሰውዬው እኮ ገና ከአፉ አልወጣም፣ ሪታየር አደረግሁ አላለም፤ እሱን ቀድሞ ማቆም ነውር ነው አለኝ። ኦኬ፣ አንተ ጠብቀው፣ እኔ ተመርቄ ጨርሻለሁ ልለው ስል፣ ቀደመኝና ብቻዬን ልቀመጥ ነው? አለኝ። አንጀቴ አልቻለም። እያማረርኩ ቁልፌን ፈለግሁ።

ሶ፣ ይኸው ወረፋው ላይ ነኝ። ሰውዬው እስከ ዛሬ ትንፍሽ አላለም። ቅድም ጋሼ መኮንን ደውለው ዕረፍቱ እንዴት ይዞሃል አሉኝ። ጠዋት ጠዋት ይበርዳልና ጋቢውን ጉልበቴ ላይ ጣል አድርጌዋለሁ።

"ይመስገን ጋሼ፣ ጋቢው በጣም ሞቆኛል" አልኳቸው።

"ታዲያ ያ ከኋላህ ጥሩምባ የሚነፋብህ ማነው?" አሉኝ።