እግራቸው ወደ ውጭ የዞረ ወንበሮች

[ሳንቲያጎ ውስጥ ያለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፤ የሐምሌ ብርድ፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ገና አልሞላም። ከግቢው ውስጥ፣ የብረት በሩ ሥር ሁለት ሰዎች ይጨቃጨቃሉ። አንደኛው የሥነ ሥርዓት ኃላፊው ዶን ኤቫሪስቶ ነው፤ ሁሉን ስለሚያውቅ ማንንም ጠይቆ አያውቅም። ሁለተኛው የበር ጥበቃው ኖልቤርቶ ነው። እዚሁ በር ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ቆሟል። ቀስ ብሎ ስለሚናገር ሰዉ ሁሉ ቀስ ብሎ የሚያስብ ይመስለዋል፤ እሱም አንድ ቀን እንኳ «አይደለም» ብሎ አልተከራከረም። አሁን በየክንዱ አንድ አንድ ወንበር አንጠልጥሏል።]

ኖልቤርቶ፦ እኔ እግሩ ወደ ውስጥ ቢዞር ይሻላል ባይ ነኝ፣ ዶን ኤቫሪስቶ።

ኤቫሪስቶ፦ ወደ ውጭ! በብረቱ መሃል ሾልኮ እግሩ ወደ ውጭ ይውጣ አልኩህ። ወደ ውስጥ ካዞርከው ገፍተው ይጥሉታል።

ኖልቤርቶ፦ በሱስ ልክ ነዎት። ግን ከመንገድ ያየው ሰው ምን ይላል ብዬ ሳስብ...

ኤቫሪስቶ፦ ማን አስብ አለህ? አንተ አታስብ፤ ወንበር ተሸከም!

ኖልቤርቶ፦ እሺ። [ወንበሩን በብረቱ መሃል ይሰካል] ስልሳ አንድ።

ኤቫሪስቶ፦ ዳይሬክተሯ ትናንት ምን እንዳሉኝ ሰምተሃል? «ዘንድሮ ተማሪዎቹ ሁለት ጊዜ በሩን ዘግተው ትምህርት ቤቱን ያዙት። ሦስተኛ ከተያዘ ቁልፎችህን ታስረክበኛለህ» ነው ያሉኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ወገቤ ላይ የኖረ ቁልፍ!

ኖልቤርቶ፦ ያሳዝናል።

ኤቫሪስቶ፦ አያሳዝንም፣ ምክንያቱም ቀድሜያቸዋለሁ። ትናንት በትምህርት ሰዓት ሜዳ ላይ ተሰብስበው ድምፅ ሲሰጡ በመስኮት አይቻቸዋለሁ። ያን ሁሉ እጅ አይተኸዋል?

ኖልቤርቶ፦ እዚያው ነበርኩ። እጃቸውን ያወጡት እኮ...

ኤቫሪስቶ፦ አትንገረኝ፣ አውቃለሁ! ዛሬ ሊይዙት ነው። ስለዚህ እነሱ ሳይመጡ ገባን፣ በሰንሰለት ቆለፍን፣ በወንበር ዘጋን። እስቲ አሁን ማን ገብቶ ይይዘዋል?

ኖልቤርቶ፦ ማንም አይገባም። እኛ ይዘነዋል።

ኤቫሪስቶ፦ ምን አልክ?

ኖልቤርቶ፦ ስልሳ ሁለት አልኩ።

[ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል ውጭ ጫጫታ ተሰማ። ኤቫሪስቶ ጥበቃ ቤቷ ገብቶ ከኤሌክትሪክ ማሞቂያዋ ጋር ተጣብቋል። ኖልቤርቶ በወንበሮቹ እግር መሃል አጮልቆ ያያል።]

ኖልቤርቶ፦ መጡ።

ኤቫሪስቶ፦ ድንጋይ ይዘዋል?

ኖልቤርቶ፦ የሂሳብ ደብተር ነው የያዙት። ዛሬ ፈተና አላቸው።

ኤቫሪስቶ፦ ማስመሰያ ነው!

ኖልቤርቶ፦ ወንበሮቹን አዩ። ቆሙ። አሁን ያጨበጭባሉ... ግማሾቹ ወደ ቤት እየተመለሱ ነው።

ኤቫሪስቶ፦ አላልኩህም! ገና ሳይጀምሩ ተሸነፉ።

ኖልቤርቶ፦ የሂሳብ መምህሩም ተመለሰ። እሱስ እያፏጨ ነው የሄደው።

ኤቫሪስቶ፦ መምህሩ ደግሞ ምን ሆነ?

ኖልቤርቶ፦ በዚህ ከተማ አጥር ላይ እግሩ ወደ ውጭ የዞረ ወንበር ያየ ሰው የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ ትምህርት ቤቱ ተይዟል፣ ትምህርት የለም። ይኸው ሶፓይፒያ የሚሉትን የዱባ ቂጣ ጠባሿ እንኳ ጋሪዋን እየገፋች መጣች። ትምህርት ቤት ሲያዝ ገበያዋ ይደራል።

ኤቫሪስቶ፦ እሱ ተማሪ የሰካው ሲሆን ነዋ! ይሄን የሰካሁት እኔ ነኝ!

ኖልቤርቶ፦ ወንበሩ ላይ ስምዎ የለም፣ ዶን ኤቫሪስቶ።

[ኤቫሪስቶ መነጽሩን ይወለውላል። ኖልቤርቶ ጆሮውን ወደ በሩ ያስጠጋል።]

ኖልቤርቶ፦ የተማሪዎቹ ፕሬዚዳንት መጣች፣ ማካሬና።

ኤቫሪስቶ፦ እንዳታናግራት! ምን አለች?

ኖልቤርቶ፦ «ማነው የያዘው? እኛ ትናንት እጅ ያወጣነው እንዳይያዝ ብለን ነው። ክፍላችን ማሞቂያ እንዲገባልን በእረፍት ሰዓት እንጠይቃለን፣ ትምህርት አናቋርጥም ብለን ወስነናል» ትላለች።

ኤቫሪስቶ፦ ሃ! ትምህርት አናቋርጥም! እንዲህ የሚል ተማሪ ዕድሜዬን ሙሉ አላጋጠመኝም። ስለዚህ ውሸቷን ነው።

ኖልቤርቶ፦ «ጥያቄያችሁ ምንድን ነው?» ብላለች ደግሞ።

ኤቫሪስቶ፦ የማን ጥያቄ?

ኖልቤርቶ፦ የኛ። ትምህርት ቤት የያዘ ሰው ጥያቄውን ጽፎ በሩ ላይ ይለጥፋል። እንዲሁ ዝም ብሎ መያዝ ነውር ነው።

[የኤቫሪስቶ ስልክ ይጮሃል።]

ኤቫሪስቶ፦ ሃሎ! ማን? ሴኞራ ሂሜና? [ኖልቤርቶን በዓይኑ ይጠቅሰዋል] ጎበዝ ነሽ አንቺ ልጅ፣ የዳይሬክተሯን ድምፅ አስመስለሻል። ግን አበዛሽው፤ እሳቸው በአፍንጫቸው የሚያወሩት ሲናደዱ ብቻ ነው። [ያዳምጣል] እንዲህ ነው እንጂ! አሁን ቁርጥ እሳቸውን መሰልሽ! [ይዘጋዋል] ልጆች! እኔን ሊያታልሉ!

ኖልቤርቶ፦ ውጭ ስልክ ይዘው የቆሙት ሴኞራ ሂሜና ራሳቸው መሰሉኝ።

ኤቫሪስቶ፦ አይምሰሉህ!

ኖልቤርቶ፦ እሺ፣ አይመስሉኝም።

[ማሞቂያዋ ቀጭ ብላ ጠፋች። የሻይ ማፍያውም ሳይፈላ ዝም አለ።]

ኤቫሪስቶ፦ መብራቱ ምን ሆነ?

ኖልቤርቶ፦ ከውጭ ቆረጡት። እኒያ የማይመስሉኝ ሴትዮ እርስዎ የጻፉትን መመሪያ ጮክ ብለው እያነበቡ ነው፤ ትምህርት ቤት ሲያዝ ምን እርምጃ እንደሚወሰድ የሚለውን። አንቀጽ አንድ፣ መብራት ይቆረጣል።

ኤቫሪስቶ፦ [ደረቱን ነፍቶ] ጥሩ አንቀጽ ነው። ብርዱ ማንኛውንም ያዥ ያንበረክከዋል ብዬ ነው የጻፍኩት።

ኖልቤርቶ፦ ጥርስዎ እየተንቀጫቀጨ ነው።

ኤቫሪስቶ፦ ዝም በል።

ኖልቤርቶ፦ አንቀጽ ሁለት፣ ምግብ አይገባም። ሶፓይፒያ ጠባሿን ከበሩ አራቋት።

ኤቫሪስቶ፦ [ምራቁን ውጦ] ትኩስ ነበር?

ኖልቤርቶ፦ አሁን ከዘይት የወጣ። ሰናፍጭም ነበረው።

ኤቫሪስቶ፦ ምን ዓይነት አረመኔ ነው ይሄን አንቀጽ የጻፈው!

ኖልቤርቶ፦ መልኩን ያውቁታል።

[አንድ ሰዓት ያልፋል። ኤቫሪስቶ እጁን ብብቱ ሥር ወሽቆ ይዘላል። በወንበሮቹ መሃል አንዲት ቀጭን እጅ ወረቀትና እስክሪብቶ ታቀብላለች።]

ኖልቤርቶ፦ ማካሬና ናት። ጥያቄያችሁን ጻፉ ትላለች። ምን ልጻፍ?

ኤቫሪስቶ፦ ምንም! ለተማሪ ጥያቄ አላቀርብም! [ይዘላል] ኖልቤርቶ።

ኖልቤርቶ፦ አቤት።

ኤቫሪስቶ፦ ማሞቂያ በለው።

ኖልቤርቶ፦ [ይጽፋል] አንደኛ፣ ማሞቂያ። ለጥበቃ ቤቷ ብቻ ነው ወይስ በየክፍሉ?

ኤቫሪስቶ፦ በየክፍሉ፣ በየኮሪደሩ! ልጆቹ እንዲህ ያለ ብርድ ላይ ነው እንዴ ቁጭ ብለው ሂሳብ የሚሠሩት?

ኖልቤርቶ፦ ሦስት ዓመታቸው።

[ኤቫሪስቶ መዝለሉን አቆመ። ኖልቤርቶ ይህን ሰው ሲያፍር ሲያየው የመጀመሪያው ነበርና፣ አሳዘነው። ወረቀቱን አጣጥፎ በክፍተቱ አሾለከ።]

ኖልቤርቶ፦ አንቀጽ ሦስት ላይ ደረሱ። ፖሊስ ይጠራል ይላል።

ኤቫሪስቶ፦ ፖሊስ? በኔ ላይ?

ኖልቤርቶ፦ ይቆዩ... ማካሬና አይሆንም አለች። «አንድ ሰው ስለበረደው ፖሊስ አይጠራም፤ መጀመሪያ ያነጋግሩት» ትላለች።

ኤቫሪስቶ፦ እሷ ናት እንዲህ ያለችው? ባለፈው ጊዜ እኮ እኔ ፖሊስ የጠራሁት በሷ ላይ ነው።

ኖልቤርቶ፦ አልረሳችውም። ለዚህ ነው ያለችው። በሦስት ፋንታ አንቀጽ አራት ይሁን ብላ አስማማቻቸው።

ኤቫሪስቶ፦ እግዜር ይስጣት! አራት ምን ነበር?

ኖልቤርቶ፦ የያዘው ሰው ወላጅ ያመጣል።

ኤቫሪስቶ፦ [ይስቃል] ወላጅ! ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው እኮ!

ኖልቤርቶ፦ አንቀጹ ዕድሜ አይጠቅስም። [ያጮልቃል] ታክሲ ቆመ። ከዘራ ወጣ። ከከዘራው ቀጥለው ሴኞራ ኦርቴንሲያ ወጡ።

ኤቫሪስቶ፦ እናቴን አትበለኝ! ይሄም ማስመሰል ነው!

[ከውጭ የአሮጊት ድምፅ «ቫሪስቲቶ! ዛሬም ያለ ሻርፕ ወጣህ አይደል?» ሲል ተሰማ። ሁለት መቶ ተማሪ ባንድ አፍ «ቫሪስቲቶ!» ብሎ ተቀበለ።]

ኤቫሪስቶ፦ [ግድግዳ ተደግፎ] እሷ ናት። ያን የልጅነት ስሜን ማንም አያውቀውም።

ኖልቤርቶ፦ አሁን ሰፈሩ በሙሉ አወቀው።

ኤቫሪስቶ፦ እንግዲያው ቅድም ስልክ ላይ የነበሩትም...

ኖልቤርቶ፦ እሳቸው ነበሩ።

ኤቫሪስቶ፦ በአፍንጫዎ ያወራሉ አልኳቸው!

ኖልቤርቶ፦ ኋላ ግን «አሁን ቁርጥ እሳቸውን መሰልሽ» ብለው አሞግሰዋቸዋል።

ኤቫሪስቶ፦ ኖልቤርቶ፣ እውነቱን ንገረኝ። ልጆቹ እጅ ያወጡት እንዳይያዝ መሆኑን ታውቅ ነበር?

ኖልቤርቶ፦ ገለልተኛ ሰው ይቁጠርልን ብለው የቆጠርኩት እኔ ነኝ። ሁለት መቶ አርባ ለዘጠና።

ኤቫሪስቶ፦ ታዲያ ምነው አልነገርከኝ!

ኖልቤርቶ፦ ስጀምር «አትንገረኝ፣ አውቃለሁ» አሉኝ። ካወቁ ብዬ ተውኩት።

[ኖልቤርቶ ጥቂት ወንበሮች ነቅሎ ሰንሰለቱን ፈታና ወጣ። ሲመለስ እጁ ላይ ሻርፕ፣ አቮካዶ የተቀባ ማራኬታ ዳቦ እና ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ይዟል።]

ኖልቤርቶ፦ ሻርፑን መጀመሪያ ይልበሱ፣ እናትዎ እያዩ ነው። ዳቦውም ከሳቸው ነው። ሴኞራ ሂሜና ደግሞ የጻፍነውን ጥያቄ ፈርመውበታል፤ ነገ ማሞቂያዎቹ ይገባሉ። «ሦስት ዓመት ልጆቹን ያልሰማን ሰዎች አንድ ሽማግሌ ሲንቀጠቀጥ ሰማን» አሉ። ተማሪዎቹም እያጨበጨቡልዎ ነው።

ኤቫሪስቶ፦ [ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ አፉ ዳቦ ሞልቶ] ለኔ? እውነትህን ነው?

ኖልቤርቶ፦ እውነቴን ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ስቆም ጥያቄው በዚያው ቀን የተመለሰለት ያዥ እርስዎ ብቻ ነዎት። አሁን ቁልፎቹን ወዲህ ይበሉ።

ኤቫሪስቶ፦ ቁልፎቼን?

ኖልቤርቶ፦ ሦስተኛው ነው እኮ። እስከ ሰኞ እኔ ልያዛቸው፣ ከዚያ ይታያል ብለዋል ሴኞራ ሂሜና።

[ኤቫሪስቶ ቁልፎቹን ከወገቡ ፈትቶ በዝግታ ያስረክባል። ኖልቤርቶ ወገቡ ላይ አንጠልጥሎ አንዴ አቃጨላቸው። ደስ አለው፤ ደስታውንም አልደበቀም።]

ኖልቤርቶ፦ የቀረችን አንቀጽ አምስት ናት። ወንበሩን የሰካ ራሱ ነቅሎ ወደየክፍሉ ይመልሳል። ልጆቹ ነገ ፈተናቸውን ቆመው ሊሠሩ አይችሉም።

ኤቫሪስቶ፦ ስልሳ ሁለቱንም? ብቻዬን? ቆይ፣ እኔ ሳስበው፣ ከላይ ጀምረን በሰልፍ ብናቀባብለው፣ ወይም ደግሞ መጀመሪያ አንድ ኮሚቴ...

ኖልቤርቶ፦ ዶን ኤቫሪስቶ።

ኤቫሪስቶ፦ አቤት።

ኖልቤርቶ፦ እርስዎ አያስቡ፤ ወንበር ይሸከሙ።