ፎካሪው አባት ሲሆን

እኛ ዘንድ ሴት ስትወልድ ገንፎ ይገነፋል፣ ጠያቂ ይጎርፋል። አባትየውን ግን "አንተስ፣ ሰውነትህ እንዴት ነው?" ያለው ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። እሱ ምን ሆነና ትሉ ይሆናል። እኔም እል ነበር። ሐኪሞች ልጅ ሲያቅፍ የሚውል አባት የወንድነት ሆርሞኑ ዝቅ እንደሚል ይናገራሉ፤ ይህን ለጎንደር ወንድ ለመንገር ሞክሩና ታዩታላችሁ። እኔ ብዙ ዘመን ዜና ስለቃቅም የኖርኩ ሰው ነኝና የማምነው ያየሁትን ነው።

ጎረቤቴን ዘለቀን ውሰዱ። ከሳንጃ ሰሊጥ የሚያመላልስ ሹፌር ነው፤ ዱላ ይዞ "ዘራፍ" ሲል የዳስ ምሰሶ የሚያነቃንቅ ፎካሪ። ባለቤቱ ስታረግዝ የእሱም ሆድ ከማን አንሼ ብሎ አብሮ ገፋ። ልጁ ሲወለድ ደግሞ ጆሮው ተለወጠ፤ ወፍጮ ቤት ቢያስተኙት የማይነቃው ሰው፣ ሕፃኑ ገና ሲቁነጠነጥ ብድግ ማለት ጀመረ። ልጁም ከእሱ ክንድ ሌላ አልተኛም አለ።

በአራተኛው ወር ታናሽ ወንድሙ አገባ። የሙሽሪት ወገኖች የአዲ አርቃይ ሰዎች ናቸው፤ ቆፍጠን ያሉ፣ የአማችን ቤት በፉከራው የሚመዝኑ። የዘለቀ እናት ይህን ስለሚያውቁ ቀደም ብለው አስጠነቀቁት።

"ዛሬ ካላኮራኸን፣ ልጃችንን ለማን ሰጠናት ይሉናል።"

የፉከራው ሰዓት ሲደርስ ዘለቀ ዱላውን ይዞ ተነሣ። "ዘራፍ" አለ፤ ዳሱ ጸጥ አለ። መሬቱን ረገጠው። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ግን እግሩ መርገጡን ትቶ ግራና ቀኝ ይል ጀመር፤ ዱላው ከትከሻው ወርዶ ክንዱ ላይ ተጋደመ፤ ድምፁ እየለዘበ፣ እየለዘበ ሄዶ "ጥሎ ገዳይ" ያለው ራሱ እሹሩሩ መሰለ። በመጨረሻ፣ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ፣ የዱላውን ጫፍ ቸብ ቸብ ያደርግ ጀመር።

"ምነው፣ ዱላው አለቀሰ እንዴ?" አለ ከጀርባዬ አንዱ።

እናትየዋ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። ዘለቀ ባነነ፤ ግንባሩን ላብ ችፍ አለው። የሙሽሪት አጎት፣ ባለ ሪዙ ሽማግሌ፣ ቀስ ብለው ተነሡና እፊቱ ቆሙ። ሙሽራው አቀረቀረ።

"ስንት ወሩ ነው?"

"አራት፣ አያ።"

"ያልፋል። እኔን በሰባተኛው ልጅ ለቀቀኝ።" ወደ ወገኖቻቸው ዞር አሉ። "ልጃችን ሸጋ ቤት ገብታለች።"

ዘለቀ እፎይ ብሎ ዱላውን ሊያወርድ ሲል ሽማግሌው እጁን ያዙት። መልሰው ክንዱ ላይ አጋደሙለትና ዝግ ባለ ድምፅ፦

"አንገቱን ደግፈው እንጂ" አሉት።