የሳንሱሲው አንቀጽ አሥራ ዘጠኝ

አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ የማይደርሰው ሰፈር አለ፣ መብራት የሚጠፋበትም ሞልቷል፤ መብትን በአንቀጽ ቁጥር የሚጠራ ሽማግሌ የሌለው ሰፈር ግን እስቲ አሳዩኝ! የእኛ የሳንሱሲዎቹ ክቡር ጋሽ ቀለመወርቅ ናቸው። ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ሲሆኑ፣ ሕገ መንግሥቱን በፌስታል ጠቅልለው በኮታቸው የውስጥ ኪስ ይዘው ይዞራሉ።

ታክሲ ውስጥ ረዳቱ ትርፍ ሲጭን «አንቀጽ አሥራ ስምንት! ኢሰብዓዊ አያያዝ ክልክል ነው!» ይላሉ። ረዳቱም «ፋዘር፣ አንቀጽ አሥራ ስምንት የሚባል ፌርማታ የለንም» ብሎ በሩን ይዘጋል። የእድር ስብሰባ ላይ ሰብሳቢው ንግግራቸውን ሊያሳጥር ከሞከረ፣ በአንቀጽ ሃያ ዘጠኝ ሐሳብን የመግለጽ ነጻነት አርባ ደቂቃ ይጨምራሉ። ሰልችቶን አንድ በአንድ ሹልክ ስንል ደግሞ «ይሂዱ፣ ይሂዱ፣ የመዘዋወር ነጻነት ነው፤ አንቀጽ ሠላሳ ሁለት» ብለው ያጸድቁልናል።

ቤታቸው ሲገቡ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የቴሌቪዥኑ ሪሞት ከእጃቸው አይወጣም፤ ምሳ አምስት ደቂቃ ከዘገየ ጉድ ይፈላል። «የሴቶች መብት ያለበት ገጽ ተገንጥሎ ነው የተሸጠለት» ይላሉ ባለቤታቸው ወይዘሮ ወለተጻድቅ።

እኔም ብሆን ከሩቅ ሳያቸው መንገድ ተሻግሬ የምሄድ ሰው ነበርኩ።

ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ዳቦ ልገዛ በነጠላ ጫማ ወጣሁ። መታወቂያዬን ቤት ትቼ! ወደ አስኮ በሚወስደው መንገድ ላይ አፈሳ ጠበቀኝና ከነዳቦዬ ተጫንኩ። ስሙን የማልጠራው ጣቢያ አስገቡኝ። ምን እንዳጠፋሁ ስጠይቅ «ይጣራል» አሉኝ። እሑድም ይጣራል፣ ሰኞም ይጣራል። ዘመዶቼ ስንቅ በር ላይ ሰጥተው ቶሎ ይመለሳሉ፤ ማን ቆሞ ይጠይቅ? እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈራሁ። ነገ ወዴት እንደሚወስዱኝ አላውቅም፤ ተረሳሁ ብዬም አለቀስኩ።

ሰኞ ቀትር ላይ ከበሩ በኩል የማውቀው ድምፅ ሰማሁ።

«ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት የተያዘ ሰው ነው። አርባ ስምንት ሰዓቱ አልፏል! ወይ ችሎት አቅርቡት፣ ወይ ልቀቁት። አንቀጽ አሥራ ዘጠኝ!»

«አባቴ፣ በሰላም ወደ ቤትዎ ይሂዱ» አለ ፖሊሱ።

«አልሄድም። ንዑስ አንቀጽ ሦስት!»

«እንግዲያው ይግቡ!»

በሩ ተከፈተ፤ ጋሽ ቀለመወርቅ በዚያ ጠራራ ፀሐይ ጋቢ ደርበው ከነአንቀጻቸው ገቡ። በንዴት ልፈነዳ ደረስኩ። «ጋሼ፣ ሊያስፈቱኝ መጥተው ይታሰራሉ?» እሳቸው ከምንም አልቆጠሩኝም። ቁጭ ብለው እዚያ ክፍል የታጎርነውን አሥራ አንዳችንንም በየተራ መቼ እንደተያዝን እየጠየቁ መጻፍ ጀመሩ። እስክሪብቶው ሁለት ጊዜ ከጣታቸው ወደቀ፤ አንስተው መጻፋቸውን ቀጠሉ። ያን ጊዜ አንጀቴን በሉት። ሲጨርሱ ጋቢያቸውን ሲሚንቶው ላይ ዘርግተው «ና ተቀመጥ» አሉኝ፤ ተቀመጥኩ፣ እንደ አባቴም ወደድኳቸው።

ማክሰኞ ሁላችንም ችሎት ቀርበን ተለቀቅን። በአንቀጹ ይሁን ወይዘሮ ወለተጻድቅ በር ላይ ባሰሙት ጩኸት እስካሁን አልታወቀም። ወደ ቤት ስንመለስ ግን የጋቢው ነገር ከነከነኝ።

«ጋሼ፣ እንደሚያስሩዎት ያውቁ ነበር እንዴ?»

«አንተ ደግሞ! ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንቀጹን ሳነብ እነሱን ሳላውቅ ቀርቼ ነው?»

«ታዲያ ለምን መጡ?»

ቆም ብለው እንደ ደካማ ተማሪ አዩኝ።

«አርባ ስምንት ሰዓቱ አልፎ ነበራ!»