የፍልፈሎች ጠበቃ

ሁሉን አዋቂ ጎረቤት የሌለው ግቢ ገና ሰው አልገባበትም ማለት ነው። የአንዱ ግቢ ሊቅ በፖለቲካ ያደክማል፣ የሌላው በጉንፋን መድኃኒት። በዚህ ግቢ ለምትኖረው ልብስ ሰፊ የደረሳት የአፈር ሊቅ ነው።

ግቢው «ክቡርነታቸው» ይላቸዋል። የአፈር ሳይንስ መምህር ነበሩ፤ ጡረታ ወጥተው ተማሪ ሲያጡ ጎረቤቱን በሙሉ መዘገቡ። «ደህና አደሩ?» ያላቸው ሰው ስለ ምስጥ ሳይማር አያልፍም። ምስጥ ጭቃ ከጥልቅ ተሸክሞ ይወጣል፤ የመሬት ትል የበላውን አፈር ከላይ እየጣለ ድንጋዩን ቀስ በቀስ ይቀብራል፤ ፍልፈል ደግሞ የተቀበረውን እየገፋ ያወጣል።

«ታች ያለው ላይ፣ ላይ ያለው ታች!» ይላሉ ጣታቸውን እንደ ማማሰያ እያዞሩ። «መሬት የተኛች ይመስላችኋል? ስትታመስ ነው የምታድረው!»

አንድ ጠዋት ልብስ ሰፊዋ በሯ ፊት ካለው መደብ ካሮት ብትነቅል ቅጠሉ ብቻ እጇ ላይ ቀረ፤ ሥሩን ፍልፈል በልቶታል።

«ጋሼ፣ ወዳጅዎ ጉድ ሠራኝ!»

«በነጻ እያረሰልሽ አንድ ካሮት ትቆጥሪበታለሽ?»

«አፈር ስሆን ጋሼ፣ ቢያንስ አስፈቅዶ ይብላ!»

የግቢው ዘበኛ ወጥመድ ቢያጠምድላት ክቡርነታቸው ወጥመዱን ነቅለው፣ አፈር በምን እንደሚተነፍስ ሲያስረዱት ረፈደ። ምስኪኑ ከዚያ ወዲህ ፍልፈል ሲያይ መንገድ ይለቃል።

ታዲያ አከራይዋ ግቢውን በሙሉ ሲሚንቶ ሊያለብሱት መሆናቸውን ሲናገሩ ከጭቃ ልንገላገል ነው ብሎ ያልተደሰተ አልነበረም። ልብስ ሰፊዋ ብቻ ወደ መደቧ ሄደች። ከዓመታት በፊት መደቡን ስትኮተኩት የእናቷ ቀለበት ከጣቷ ወልቆ እዚያው ጠፍቷል። ከእናቷ የቀራት እሱ ብቻ ነበር። ሲሚንቶ ከፈሰሰበት አለቀ።

ይህን ለክቡርነታቸው ስትነግራቸው ተቆጡ። «እስከ ዛሬ ምን ዘጋሽ? ትሉ ቢቀብረው ፍልፈሉ ያወጣዋል!»

ከዚያን ቀን ጀምሮ የዱቄት ወንፊቷን ተውሰው፣ ተንበርክከው፣ ፍልፈሉ የቆለለውን አፈር ሁሉ መንፋት ያዙ።

«ክቡርነታቸው፣ ወርቅ ወጣ?» ይላቸዋል አላፊ አግዳሚው።

አዝራር ወጣ። የአሻንጉሊት እጅ ወጣ። የማን እንደሆነ ያልታወቀ ጥርስ ወጣ፤ ለእሱም ንግግር ተደረገለት። ቀለበቱ ግን የለም።

ሲሚንቶው ሊፈስ አንድ ቀን ሲቀረው ጩኸታቸው ግቢውን አናወጠው። «ወጣ!»

ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳጠለቀች ሮጠች። እውነትም የአፈሩ ክምር ላይ ቀለበት አለ። አንስታ አየችው። የእናቷ ቀለበት ከመሳሳቱ የተነሳ ሊበጠስ የደረሰ ነበር፤ ይሄኛው ወፍራም ነው፣ ያብለጨልጫል። የዋጋ ወረቀት የሚንጠለጠልበት ነጭ ክርም ቁራጩ ቀርቶበታል። ልብስ ሰፊ ክር አይስታትም።

«ጋሼ... ትንሽ አልወፈረም?»

ክቡርነታቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ስለ አፈር ዋሽተው አያውቁም።

«ብረት... መሬት ውስጥ ሲቆይ... እርጥበት ሲያገኝ... ያብጣል።»

ስንት ዓመት ሙሉ አንዲት ዓረፍተ ነገራቸውን ሳትከራከር አላሳለፈችም። አሁን ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ቀለበቱን ጣቷ ላይ አደረገችው።

«ያብጣል እንጂ» አለች። «ይሄን ያህል ዘመን ተቀምጦ!»

በማግስቱ አሸዋና ሲሚንቶ ሲራገፍ በሯ ፊት ቆማ አልነቃነቅ አለች።

«የእኔን መደብ ተዉት።»

«ቀለበትሽ ተገኝቶ የለም እንዴ?» አሉ አከራይዋ።

«ተገኝቷል» አለች እጇን እያሳየች። ከዚያ፣ ወንፊቱን ይዘው በሩቅ ወደተገተሩት ሰው በአገጯ ጠቆም አድርጋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ግቢው በሙሉ ሲሚንቶ ከሆነ ጋሼ ምን ሊያስተምሩ ነው?»