በዘር የሚቆጠር ጥርስ

ጥርስን በዘር የሚቆጥር ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ጎንደር፣ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ወረፋ ስጠብቅ ገጠመኝ። አቶ ጌትነት ይባላል። ትንሽ ልጁ ጉንጯን ይዛ ታለቅሳለች፤ እሱ ይፎክራል።

«የእኛ ዘር ጥርስ አጥንት ይሰብራል! ትል የሚበላው የሌላውን ብሔር ነው።»

ሐኪሟ የልጅቷን አፍ ከፍታ ስድስት የተበሉ ጥርሶች ቆጠረች። ደነገጠ ብላችሁ ነው? «በእናቷ በኩል ነው» አለና አረፈው!

ቀጥለው አያ ሞላ የሚባሉ የጭልጋ ገበሬ፣ ጥርሷ የተነቃነቀባትን ልጃቸውን ይዘው ገቡ። መነቃነቁ የዕድሜዋ ነው እንጂ አንድም የተበላ ጥርስ የላትም። ወረፋ ላይ ብሔራቸውን ጠይቆ ወንበሩን ያራቀው አቶ ጌትነት፣ አሁን ጣቱን እየቆጠረ ተጠጋቸው።

«አያ፣ የአያትዎ አያት ማን ይባላሉ?»

ምን ልበላችሁ! እስከ ሰባት ቤት ወጣና ዘመድ ሆኖ ወረደ። «አንድ ደም ነን!» ብሎ ጮኸ።

«ምነው ታዲያ እስካሁን ጠፋህ?» አሉት አያ ሞላ።

አቶ ጌትነት በደስታ ብዛት ከኪሱ እፍኝ ከረሜላ አውጥቶ ለአዲሷ ዘመዱ ዘረገፈላት።

ሐኪሟ ሳቀች። «ይህን በየቀኑ ከሰጧት» አለችው፣ «በዓመቱ እውነትም የእናንተ ዘር ትሆናለች።»