ተሸካሚው ማን ነው?

[ጠዋት። የከብት ማድለቢያ በረት ውስጥ። አርቢው ድርቆሽ ላይ ተቀምጦ የሦስት ቀን ጥጃ አቅፏል። የሚስቱ ታላቅ ወንድም፣ የአሥራ አምስት ቀን የእርባታ ሥልጠና ከወሰደ ወዲህ ሠፈሩ «ሊቁ» የሚለው ሰው፣ ጎንበስ ብሎ የጥጃውን እግር ያያል። ላሚቱ አጠገባቸው ቆማለች።]

አርቢው፦ አባቱ አህያ ነው አልኩዎ፣ ጋሼ።

ሊቁ፦ አይደለም አልኩህ።

አርቢው፦ ሰኮናውን ይዩት እንጂ። የከብት ሰኮና ለሁለት የተከፈለ ነው። ይሄ ድፍን ነው። ድፍን ሰኮና ያለው ደግሞ ማን ነው?

ሊቁ፦ ፈረስም አለው።

አርቢው፦ በሠፈራችን ፈረስ የለም። ያለው የጎረቤቴ የውኃ ሻጩ አህያ ነው። አጥሩም የፈረሰው በእሱ በኩል ነው።

ሊቁ፦ እና ለውኃ ሻጩ ምን አልከው?

አርቢው፦ ምን እላለሁ፣ አህያህ ቤቴን ደፈረ አልኩት። ይኸው ሦስት ቀን ሰላምታ የለንም። ውኃም አላመጣልኝም። ዛሬ ፊቴን የታጠብኩት ከላሚቱ ገንዳ ነው።

ሊቁ፦ ስማኝ። ላም ከአህያ አትወልድም። ጎረቤት ሆነው ቢያረጁም አትወልድም። ይሄ የዘረመል ጉዳይ ነው።

አርቢው፦ የዘር አመል?

ሊቁ፦ ዘረመል።

አርቢው፦ አመሉማ እስካሁን ደህና ነው። አልተራገጠም፣ አላናፋም።

ሊቁ፦ [ትንፋሹን ሰብስቦ] ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወርድ ነገር ነው። የልጅህ አፍንጫ የማን ነው?

አርቢው፦ የእርስዎ ነው ይላሉ። [የሊቁን አፍንጫ እያየ] እኛማ ሲያድግ ይስተካከላል ብለን ነበር።

ሊቁ፦ ተወው። እንከንም እንደዚያው ይወርዳል። ድፍን ሰኮና አለ፣ የተጣመመ መንጋጋ አለ፣ ድንክነት አለ። አንዳንዱ ደግሞ ተደብቆ ይኖራል። ከብቱን ስታየው ምንም የለበትም፣ ይደልባል፣ ያምራል፤ ውስጥ ለውስጥ ግን እንከኑን ይዞ ይዞራል። እንዲህ ዓይነቱን እኛ ባለሙያዎች «ተሸካሚ» እንለዋለን። የዚህ ጥጃ አባት ተሸካሚ ነው።

አርቢው፦ እኔስ ምን አልኩ?

ሊቁ፦ ምን አልክ?

አርቢው፦ በዚህ ሠፈር ከዚያ አህያ በላይ ተሸካሚ ማን አለ? በቀን አርባ ጀሪካን።

ሊቁ፦ የጀሪካን አላልኩም። እናትየዋም ተሸካሚ ናት።

አርቢው፦ እሷን እንኳ አይንኩብኝ። ጆንያ ተጭኖባት አያውቅም።

[ሊቁ ሥልጠናው ላይ የተሰጠውን ቦሎቄ ከኪሱ አውጥቶ የተደፋ ባልዲ ላይ ይደረድራል።]

ሊቁ፦ እይ። እያንዳንዱ ከብት ሁለት ቦሎቄ አለው እንበል። ነጩ ጤና ነው፣ ቀዩ እንከን። ላሚቱ አንድ ነጭ፣ አንድ ቀይ አላት። ኮርማውም እንደዚሁ። ጥጃው ከእናቱ አንድ፣ ከአባቱ አንድ ይወስዳል። ሁለቱም ቀይ ከሆኑበት ሰኮናው ድፍን ሆኖ ይወጣል።

[ላሚቱ አንገቷን ሰገግ አድርጋ ቦሎቄውን በአንድ ምላስ ታነሣዋለች።]

አርቢው፦ ዘረመሉን በላችው። ለሚቀጥለው ጥጃ ያሰጋል?

ሊቁ፦ አያሰጋም።

አርቢው፦ አንድ ቀይ ብቻ ቢደርሰውስ?

ሊቁ፦ ደህና ሆኖ ይወለዳል። ግን እሱም በተራው ተሸካሚ ይሆናል።

አርቢው፦ እንግዲያው ላሚቱ ብቻዋን ይሄን ልታደርግ አትችልም።

ሊቁ፦ በፍጹም። አባትየው የግድ እጁ አለበት።

አርቢው፦ ሰኮናው ማለትዎ ነው።

ሊቁ፦ ሰኮናውም ይሁን።

አርቢው፦ እንዲህ ዓይነት ኮርማ ታዲያ ምን ይደረጋል?

ሊቁ፦ ለሥጋ ይሄዳል። ሥጋው ምንም አይልም። ለዘር ግን ሁለተኛ ላም አጠገብ መድረስ የለበትም። ባለቤቱም ላሞቻቸውን ከእሱ ላስጠቁት ሁሉ ቤት ለቤት ዞሮ መንገር አለበት።

አርቢው፦ ባለቤቱ ሳያውቅ ቢሆንስ?

ሊቁ፦ ሳያውቅ ኮርማውን ለዘር የሚሰጥ ሰው ደንቆሮ ነው። እንዲህ ብሎሃል በለው።

አርቢው፦ ኧረ እኔ እንዲህ አልለውም፣ ታላቄ ነው።

ሊቁ፦ ማን?

አርቢው፦ ጋሼ፣ እኔ ነገር ቶሎ አይገባኝም፣ ይታገሡኝ። አምና ላሚቱ ኮርማ ስትፈልግ የወሰድኳት ወደ እርስዎ ግቢ ነው። ሳምንት ሙሉ እዚያ ነበረች። በሩን የቆለፉት እርስዎ፣ ቁልፉም እርስዎ ኪስ ውስጥ። ከእርስዎ ኮርማ ሌላ ወንድ በዓይኗ አላየችም።

[ላሚቱ ታመሰኳለች።]

ሊቁ፦ የኔ ኮርማ? ደረቱን አይተኸዋል?

አርቢው፦ አይቻለሁ። ይደልባል፣ ያምራል።

ሊቁ፦ [ባልዲው ላይ እየተቀመጠ] ዘንድሮ ብቻ አሥራ አንድ ላም አጥቅቷል። የእናቴ የእማማም ላም አለችበት።

አርቢው፦ እንግዲያው ቤት ለቤት ሲዞሩ ከእማማ ይጀምሩ፣ ቁርስም አይጠፋም። [ተነሥቶ ድርቆሹን ከልብሱ ያራግፋል] እኔም ውኃ ሻጩን ይቅርታ ልጠይቅ ልሂድ። አህያውንም ጭምር። ሦስት ቀን ሙሉ ስሙን በሐሰት አጥፍቻለሁ።

ሊቁ፦ ቆይ፣ አትቸኩል። [ጥጃውን ተቀብሎ ወደ ብርሃኑ ያዞረዋል] ሳይንስ እኮ ሁሉንም ነገር አያውቅም። ጆሮውን ልብ ብለህ አይተኸዋል? ትንሽ አልረዘመብህም?