ለማዕበል ዶክተር ሽማግሌ የሄድን ጊዜ

የሰው ክብደት በምን ይለካል ቢሉኝ እንደየሰፈሩ ነው እላለሁ። ቡሬ ገበያ ላይ በበሬው፣ ፍኖተ ሰላም በቢሮ ወንበሩ፣ ደብር ውስጥ በዜማው ይለካል። ፈረንጅ አገር ግን፣ ጉድ በሉ፣ አንድ ምሁር የሚለካው ሌሎች ምሁራን በጽሑፋቸው ስሙን ስንት ጊዜ እንዳነሡት ተቆጥሮ ነው። እኛ ዘንድ ስሙ እንዲህ በየአፉ የሚነሣ ሰው ብዙ ጊዜ ወይ ታሟል ወይ ተጣልቷል።

ይህን ያወቅሁት በይበልጣል ምክንያት ነው። ይበልጣል ከቡሬ ወዲያ ካለች ቀበሌ መጥቶ፣ ፍኖተ ሰላም ላይ እኔ ፊዚክስ ያስተማርሁት ልጅ ነው። ባሕር አይቶ የማያውቀው ልጅ ባሕር ማዶ ሄደና በውቅያኖስ ማዕበል ዶክተር ሆነ። ምን ይሠራል ስንባል "ማዕበል ያጠናል" እንላለን፤ ጠያቂው "መጥኔ ለእናቱ" ብሎ መንገዱን ይቀጥላል።

እንግዲህ ይኸው ልጅ እናኑን ወደደ። እናኑ ፍኖተ ሰላም የምትሠራ ነርስ፣ የመሪጌታ ልሳነወርቅ ልጅ ናት። መሪጌታ ደግሞ ዕድሜያቸውን ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ፣ እኛ የኔታ የምንላቸው ሰው ናቸው። ልጆቹ በስልክ ተስማምተዋል። እሷ ግን "አባቴ ሳይመርቁኝ አላገባም" ብላ ቁርጡን ነግራዋለች። ስለዚህ ሁለት አጎቶቹና እኔ ሽማግሌ ሆነን ሄድን።

ባዶ እጄን አልሄድሁም። ሁላችንም አንድ ለአምስት ተደራጅተን ጧት ማታ ሪፖርት የምናቀርብበት ዘመን ስለነበር፣ ያለ ወረቀት መናገር ጠፍቶኝ ነበር። ኢንተርኔት ቤት ግማሽ ቀን ተቀምጬ፣ መብራት ሁለት ጊዜ ጠፍቶብኝ፣ የይበልጣልን ጽሑፎች ዝርዝር ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ ከሚያሳየው ቁጥር ጋር ፕሪንት አስደረግሁ። አርእስቶቹንም በገዛ እጄ ወደ አማርኛ መለስኋቸው።

አጎቶቹ ስለ ዘሩ ተናገሩ። እኔ ወረቀቴን ዘረጋሁ። "የኔታ፣ ይኸ ሁሉ እሱ የጻፈው ነው። ይኸ ቁጥር ደግሞ ሊቃውንት ስሙን ስንት ጊዜ እንዳነሡት ነው።"

አይገባቸውም ብዬ ነበር። የኔታን ግን ከእኔ ይልቅ ገባቸው። ማን ከማን ተማረ፣ ማን የማንን ቃል አነሣ ሲሉ ነው ያረጁት። ቁጥሩን አይተው "ይበል" አሉ፤ ልቤ በደስታ ሞላ። ቀጥለው "እስኪ አርእስቱን አንብብልኝ" አሉኝ።

አነበብሁ። "የማዕበል ቁመት በጥልቅ ባሕር።" "የማዕበል ቁመት በጥልቅ ባሕር፣ በነፋስ ጊዜ።" "በነፋስ ጊዜ በጥልቅ ባሕር ስለሚታይ የማዕበል ቁመት፣ ተጨማሪ ሐሳብ።" ሁለተኛው ገጽ ላይ ስደርስ የገዛ ድምፄ ሰለቸኝ።

"ይበቃል" አሉ የኔታ። "ይኸ እኮ አንድ ቅኔ ነው። ልጁ ቅኔ ይደግማል።"

አንባቢዬ፣ ቅኔ ቤት ካልዋልህ የዚህ ስድብ ክብደት አይታይህም። ቅኔ በተቀኙት ቀን ያበቃለታል፤ ትናንት ያለውን ዛሬ መልሶ የሚል ሰው ማኅሌት ውስጥ ቀና ብሎ አይቆምም። ሳይንስ ጡብ በጡብ የሚገነባ ነገር ነው ብዬ ተከራከርሁ። የኔታ በትዕግሥት ሰምተው ሲያበቁ "እንግዲያው ከዚህ በፊት ያላለውን አንድ ነገር ይበል፤ ያኔ እመርቃለሁ" አሉ። እናኑ ከጓዳ ሆና ስትሰማ ነበር። ስንወጣ ዓይኗ ቀልቷል፣ እኔንም ሰላምታ ነፈገችኝ። ወረቀቱን ያመጣሁት እኔ ነኛ።

ለይበልጣል ደውዬ እየፈራሁ ነገርሁት። ይሥቃል ወይም ይቆጣል ብዬ ነበር። እሱ ግን "ጋሼ" አለኝ ቀስ ብሎ። "እውነታቸውን ነው። የመጀመሪያዋ ጽሑፍ የእኔ ናት። ሌሎቹን እሷኑ እየቆራረስሁ ነው ያወጣኋቸው። እዚህ ያልጻፈ ይባረራል። ብዙ ጊዜ የሚጠቅሰኝም እኔው ራሴ ነኝ።" ድምፁ ሲሰበር አዘንሁለት።

በወጉ ሽማግሌ የላከውን ሰው ነውር ይሸፍናል እንጂ አያወጣም። የኔታን ግን መዋሸት አልሆነልኝም። በማግሥቱ ብቻዬን ሄጄ ይበልጣል ያለኝን ሁሉ፣ ራሱን መጥቀሱን ሳልተው፣ ነገርኋቸው። ነገሩን እንዳበላሸሁት እርግጠኛ ነበርሁ።

የኔታ ጭራቸውን ጭናቸው ላይ አሳረፉ።

"ይህን ከዚህ በፊት ለማን ብሏል?"

"ለማንም፣ የኔታ። ለአለቆቹ ቢል ሥራውን ያጣል።"

"ታዲያ ይኸ አዲስ ነው" አሉ። "ይምጣ። እመርቃቸዋለሁ።"

ደስታዬን ይዤ ቤቴ ገባሁና ለነገ የማስተምርበትን ደብተር ገለጥሁ። ሥራ ስጀምር የጻፍሁት ነው። ይበልጣል የተማረው በእሱ ነው፤ ከይበልጣል ወዲህ የመጣው ሁሉ የተማረውም በዚያው ነው፤ ቀልዶቹ ሳይቀሩ ኅዳጉ ላይ ተጽፈዋል። ሚስቴ ምን ያሥቅሃል አለችኝ። እንኳን በጊዜ አገባሁሽ አልኋት።